ጦቢያ የወንድ ልብስ ለምን ለበሰች?
(በመቱ በሠፈራችን የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው አንድ ቆየት ያለ መጽሐፍ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር በማበሩ ከነጻነት በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ጅማ ተግዞ አርፏል። የሰውዬው ጥፋት የታወቀ ነው፤ መጽሐፉ ግን ይነበባል።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸውላችሁ። አባት በጦርነት ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይሰጣል። ልጁ ዋሕድ ውለታ ልመልስ ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ወጥቶ ይጠፋል። መንታ እህቱ ጦቢያም ከአባቷ ጋር ወንድሟን ልትፈልግ ትነሣለች። ታዲያ መንገዱ ለሴት ልጅ አደገኛ ስለሆነ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ፍጻሜው ግን ደስ ይላል፤ ጠላት የነበረው ንጉሥ ያገባታል፣ ጠቡም በእርቅ ያልቃል።

መጽሐፉ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የጦቢያ ችግር አለቀ ወይ? እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ! እዚህ አዳራሽ ስንት ልጃገረድ አለች? የምንሰበሰበው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። በጨለማ ልጇን የምትለቅ እናት የት አለች? ቀን ክራር ያነሣችውንም «አዝማሪ ልትሆን ነው» እያልን እናሸማቅቃለን።

አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ የወጣችው ማንንም ሳትመስል ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰታቸውን ጀርመን አገር በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕፃናት አውለዋል። በኦሮሞ ባህልም እናቶች ሲንቄ ይዘው እየዘመሩ ሲወጡ ጠበኛው መቆም አለበት፤ አልፏቸው የሚማታ ነውረኛ ነው። የሴት ዜማ ጉልበቱ ይኼን ያህል ነው እኮ!

እንግዲህ ገና ያልተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ይታየኛል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የመቱ ልጅ ክራሯን አንግታ፣ በራሷ ቀሚስ፣ ወደ ጎሬ፣ ወደ ያዮ፣ ወደ በደሌ ትሄዳለች። ቡና ለቃሚ እናቶች ዜማቸውን ያስተምሯታል፤ እሷም በደረሰችበት ሁሉ ሰው ታስታርቃለች። «ይኼ ሕልም ነው» የሚል ይኖራል። ነው እንጂ! ተስፋ ያለው መጽሐፍ ሥራው ይኸው ነው፤ ያልሆነውን አሳይቶ «ለምን አይሆንም?» ያሰኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

1ኛ/ የንባብ ሰዓታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሁን፤ ልጃገረዶች በብርሃን መጥተው በብርሃን ይመለሱ።

2ኛ/ «ጦቢያ»ን በየተራ ጮክ ብለው እነሱ ያንብቡልን።

3ኛ/ እናቶች በሠርግና በቡና ለቀማ የምታዜሙትን፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ልጆቻችሁ በደብተር ይጻፉት። ያ መጽሐፍ አንድ ቀን የሚጻፍ ከሆነ የሚጻፈው ከዚያ ደብተር ነው።