ጅረቱ አይደፈን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



ባለፈው ስብሰባ በመናፈሻው ውስጥ ስለሚያልፈው ጅረት ሁለት ሐሳብ ቀርቦ ሳንስማማ መለያየታችን ይታወሳል። ከፊሎቻችን በሲሚንቶ ይደፈንና በላዩ ሱቅ ይሠራበት፣ ኪራዩም ለማኅበሩ ገቢ ይሁን ብለናል። ሽታው የሚገባው እነሱ ቤት ስለሆነ ይህን ባሉት አንፈርድም።

ግን እኛ የወልድያ ሰዎች የክረምትን ውሃ ጠባይ እናውቃለን። በበጋ ለእግር መታጠቢያ የማይበቃው ጅረት፣ ነሐሴ ላይ ከተራራው ድንጋይና አፈር ጭኖ ሲመጣ በሬ ይወስዳል። ከላይ ከተከደነ ያ ሁሉ ደለልና ፌስታል ውስጥ ለውስጥ ይወተፋል፤ ማን ገብቶ ይጠርገዋል? ውሃው እንደሆን መሄዱን አይተው፣ መንገድ ሲያጣ በየደጃፋችን ይመጣል።

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ጮንግጌቾን የሚባለውን ጅረት ደፍነው በላዩ መንገድ፣ ከመንገዱም በላይ ሌላ ተንጠልጣይ የመኪና መንገድ ሠርተው ነበር። ኋላ ሁሉንም አፍርሰው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጅረት እ.ኤ.አ. በ2005 መልሰው ከፈቱት። ታዲያ ዛሬ የሚፈስበት ውሃ አብዛኛው ከሃን ወንዝ በሞተር የሚሳብ ነው። እኛ ሞተሩንስ፣ መብራቱንስ ከየት እናመጣለን? ያለችንን ውሃ መጠበቅ ይሻለናል።

በአገራችንም በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን የታቀደ፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር የተገመተ ነው። ሸገር ፓርክ በጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ተመርቋል። ምን አለፋችሁ፣ አበባውና መቀመጫው ያምራል። ለኛ የሚጠቅመን ግን ዕቅዱ ከላይ ከእንጦጦ መነሣቱ ነው። ከላይ ሽንት ቤት እየተለቀቀበት መናፈሻው ውስጥ ብናጥበው ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመናፈሻው በላይ የሽንት ቤት ቱቦ ወደ ጅረቱ የዘረጋችሁ፣ ስም አንጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ሰኔ ሳይገባ ቱቦው ተነቅሎ ጉድጓድ ይቆፈር። አቅም ላነሰው ማኅበሩ በጉልበት ያግዛል። መኪና የሚያጥቡት ልጆቻችን እንጀራቸው ስለሆነ አናባርራቸውም፤ ዘይቱ ጅረቱ የማይደርስበት ቦታ ይፈለግላቸው። ዳገቱ ላይ እርከን ይሠራል። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን በስንዴና በዘይት እርከን የሠራችሁ አባቶች በመካከላችን አላችሁ፣ የድንጋይ አደራደሩን አሳዩን። ዳርና ዳሩን ቀርከሃ፣ ሾላና የዝሆን ሣር እንተክላለን፤ ባሕር ዛፍ ውሃ ስለሚጨርስ ማንም እንዳያመጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ድልድዩ ሥር እንገናኛለን። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ከድልድዩ በታች ልብስ የምታጥቡ እናቶች፣ ውሃው እስከ እሑድ ስለሚደፈርስ ዓርብ ብትጨርሱ ይሻላል።