ካርታ የሚሠራ ተማሪ ለምን ይከፈለው? የጂአይኤስ ትምህርትና የሥራ ላይ ልምምድ በካፋ



ዛሬ የምናገረው ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ዕውቀት በምንነጋገርበት አዳራሽ ገንዘብን ማንሳት እንደ ነውር ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ ጂአይኤስ የምንለውን ሙያ የሚያጠና ተማሪ ለተግባር ልምምድ ሲወጣ ይከፈለው ወይስ አይከፈለው የሚለው ጥያቄ የትምህርቱን ጥራት የሚወስን ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በተማሪነቴ ዘመን ለሁለት ወር ልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተልኬ ነበር። ክፍያ አልነበረኝም። ፋይል ደረደርሁ፤ ደብዳቤ አደረስሁ፤ ካርታ ግን አልነካሁም። የተቀበሉኝ ሰዎች ደጎች ነበሩ። ለእኔ ያወጡት ነገር ስላልነበረ ከእኔ የሚጠብቁትም ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ግን «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት ሰጡኝ። መምህር ከሆንሁ በኋላ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ አየሁ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ከመስክ ቡድን ጋር የመሥራት ዕድል አግኝቶ ሳለ፣ የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪውን የሚሸፍንለት በማጣቱ ወደ ወላጆቹ ቀበሌ ተመለሰ። ዕድሉን የወሰደው አባቱ ሊረዳው የቻለ ሌላ ተማሪ ነበር። ክፍያ የሌለው ልምምድ በችሎታ ሳይሆን በአቅም እንደሚመርጥ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኸርማን ሽናይደር በ1906 እ.ኤ.አ. በ27 የምህንድስና ተማሪዎች የጀመሩት የትብብር ትምህርት፣ ተማሪው እየተፈራረቀ በክፍልና በፋብሪካ እንዲውል፣ በፋብሪካም ደመወዝ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። እኛም ከዚህ የራቅን አልነበርንም። የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ሲያደርግ መተዳደሪያ አበል ይሰጣቸው ነበር። ወደ ገጠር የሚላክ ወጣት መብላት እንዳለበት ያ ዘመን አልዘነጋም።

አሁን ወደ ካፋ ልመለስ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የካፋ ምድር ወደ 760 ሺህ ሄክታር ይሰፋል። ስፍራው የተከፈለው እምብርት፣ መከላከያና የሽግግር ተብለው በሚጠሩ ቀጣናዎች ነው። ድንበራቸውን በካርታ ላይ ማስመር ቀላል ነው፤ በመሬት ላይ ማወቅና መከታተል ግን የማያቋርጥ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ሥራ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸናው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በመጋጠሚያ ነጥብ መታወቅ አለበት፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ደግሞ ዙሪያውን በፖሊጎን መከለል ይኖርበታል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ሥራው ግን አልቀረም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የዚህን ሥራ ክብደት ተመልከቱ። ደንቡ መጋጠሚያው ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ እንዲኖረው ይጠይቃል። ስድስተኛው አሃዝ በመሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ግን በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። አሃዙን መጻፍና ቦታውን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በሳተላይት ምስልም ከዛፍ ሥር የበቀለውን የደን ቡና ከደኑ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ጥላው የሳሳ የቡና ማሳ ደግሞ የተመነጠረ ደን መስሎ ሊታይ ይችላል። በተሳሳተ መስመር ምክንያት ገበያ የሚያጣው ቅርንጫፍ እንኳ ያልቆረጠ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ማሳው ድረስ የሄደና ከባለማሳው ጋር ድንበሩን ዞሮ ያየ ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ ከማይከፈለው ልጅ መጠበቅ ገበሬውንም ተማሪውንም መበደል ነው። ክፍያ ተጠያቂነትን ያመጣል። የከፈለ መሥሪያ ቤት የተሠራውን ይመረምራል፤ የተከፈለው ተማሪም የተሳሳተውን ፖሊጎን ለማረም ወደ ማሳው ይመለሳል። ሕጉም ብዙ አያግዘንም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሙያ መልመጃ ውል በቀር ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረግን ግንኙነት ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ስለዚህ ተማሪውን የሚጠብቀው እኛ የምንጽፈው ውል ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ልምምዱ የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ይሁን፤ ወቅቱም ከቡና ለቀማው ጋር ይገጣጠም፤ ያን ጊዜ ባለማሳው በማሳው ላይ ይገኛልና። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ተቀባዩ መሥሪያ ቤትና ተማሪው የሚፈርሙት የሦስትዮሽ ውል ክፍያውን፣ የመስክ መድኅኑንና የገበሬውን መረጃ ምስጢራዊነት ይወስን። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በምስክር ወረቀት ሳይሆን ተማሪው ከሰበሰባቸው ማሳዎች ጥቂቱ በሌላ ሰው እንደገና ተለክቶ ይሰጥ።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የወረዳ በጀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ሆኖም ማሳ ለመለካት የሚወጣ ፕሮጀክት ሁሉ ለተሽከርካሪ፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል በጀት ይይዛል። ለተማሪው ድርሻ በዚያው ሰነድ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ከወዲሁ መጠየቅ እንችላለን። አስር ተማሪ ያለክፍያ ከመላክ አራቱን ከፍሎ መላክ ቢሻል፣ በአራት እንጀምር፤ ምርጫው ግን በግልጽ መስፈርት ይሁን።

ቡና ከዚህ ምድር ተነሥቶ ዓለምን ሲያዳርስ የበቀለበትን ማሳ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ተጠይቋል። መልሱን የሚጽፉት የዚህ አካባቢ ልጆች ከሆኑ፣ የጻፉበትን ዋጋ ማግኘት ይገባቸዋል።