ጺሙን ሳይሆን አንደበቱን
(ቡራዩ ላይ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ እናቴ ጺምህን ተላጭ፣ ሱሪህንም አስረዝም አለችኝ» አለኝ። እናቱን አልወቅስም፤ ልጇን እንዳታጣ ነው የፈራችው። ጥር 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ሱሪው ያጠረ ልጅ ሁሉ ይጠረጠራል።

ኮሚቴዎቻችን የጠየቁት አህባሽ በግድ እንዳይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ እንዲሆን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ እንዲመራ ነበር። በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰው ሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የጠየቁት መብት ነው፤ የማንንም ደም አይደለም።

ግን እኛም የምንሸሸው ነገር አለ። «ሽብርና እስልምና አይገናኙም» ብለን እናልፋለን። ዐሊይን (ረዲየላሁ ዐንሁ) በ40 ዓመተ ሂጅራ ኩፋ ላይ በሰይፍ የመታው ኢብን ሙልጀም ማን ነበር? ሰጋጅ ነበር! የኸዋሪጆች ጥፋት ግን ሶላት ማብዛታቸው አይደለም። ሌላውን ሙስሊም ካፊር ብለው ደሙን ሐላል ማድረጋቸው ነው። ዳዒሽም ሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ መገደላቸውን ያሳየን ክርስቲያን ወገኖቻችን ደም እንዲሁ ነው የፈሰሰው፤ የሰው ነፍስ የመፍቀድ ሥልጣን ለራሱ ሰጥቶ።

ስለዚህ ወላጆች፣ የልጃችሁን አንደበት አዳምጡ። ጎረቤቱን፣ አጎቱን፣ ኢማሙን «ካፊር» ማለት ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ እኔ አምጡት። ሌሊት ተነስቶ ሲሰግድ ካያችሁት ግን ተዉት፣ ይስገድ።

ለተማሪዬ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ እናቱን ላናግር ቤታቸው እሄዳለሁ።