ጎታና ጀበና



በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር የእህል ጎታ የሚሠራው በእሳት ሳይተኮስ ከሚደርቅ ጭቃ ነው። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ከጭድ ጋር ይቦካል። ጎታው ዙር በዙር ይገነባል፤ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው ከተጫነበት ይፈርሳል። እርጥብ ሳለ በጣት ጌጥ ይወጣለታል። ሲደርቅም በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እርጥበት ካገኘው ይለሰልሳልና።

ይህን የምትሠራ እናት «ባለሙያ» ትባላለች። ጭቃውን በእሳት ተኩሳ ጀበና የምትሸጥልን ግን «ቡዳ» ስትባል ኖራለች። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ነገር ግን ልብ ካልተለወጠ አዋጅ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በጀበናዋ ቡና እያፈላን እርሷ ስለምን በደጅ ትቆማለች? ትግባ፤ አብራን ትጠጣ!