የሞተር ማሞቂያ ማስገባት ይገባልን?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር



በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ይታሰባል። እዚህ ሚኒሶታ ግን ክረምት ማለት ብረት የሚያደርቅ ውርጭ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በታወር ከተማ አቅራቢያ ብርዱ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ስለዚህ የሞተር ማሞቂያ እናስገባ ወይስ ይቅርብን የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። የማለዳ ተረኛ የሆነች ነርስም ሆነች ታክሲ ነጂው፣ ሞተሩ እምቢ ካለ የዕለት ሥራቸው ይስተጓጎላል።

ችግሩ ከሦስት ወገን ይመጣል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የጉልበቱን እኩሌታ ያህል ያጣል፤ በናፍጣ ሞተርም የቀዘቀዘው ብረት ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ሙቀት ይመጠዋል። ማሞቂያው በሞተሩ ውስጥ ያለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ያሞቃል፤ ባትሪውን ባያሞቅም ሸክሙን ያቃልልለታል። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያሻውም፤ ከመነሣት በፊት ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ባለ 400 ዋቱ በዚህ ጊዜ የሚፈጀው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። መኪናውን ደጅ የሚያሳድር፣ ይልቁንም በናፍጣ የሚነዳ ሰው፣ መሰኪያ በአጠገቡ ካለው ያስገባ። ጋራዥ ያለው ይቆየው። በኪራይ ቤት የሚኖርና መሰኪያ የሌለው ግን ማሞቂያው ጌጥ ብቻ ይሆንበታልና ገንዘቡን በአዲስ ባትሪና በቀጭን ዘይት ላይ ያውለው። አዲስ መጪ ወገኖቻችን ምክር ሲሹ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ሻጭ ሳይቀድመን ይህን እኛ እንንገራቸው።