ከመንዝ ውርጭ ወደ ሮቢት ፓፓያ

እሷ፦ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በርኖስ የሚያስደርብ አገር። ከዚያ ማልዶ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ደጋና ቆላን ያያል።

እሱ፦ መንገዱስ! የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሮቢት ሲገባ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል፤ በርኖሱ መኪና ውስጥ ይቀራል።

እሷ፦ ገብስና ባቄላ እያየ ያደገን የመንዝ ልጅ የሚያስገርመው የፓፓያው ፍሬ ከቅርንጫፍ ሳይሆን ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ማየቱ ነው። ጥሬውን በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ጠብ ይላል።

እሱ፦ አጠገቡ ያለው ዛፍ ደግሞ ባዶውን ይቆማል።

እሷ፦ ወንዴው ነዋ! ረጅም የአበባ ዘለላ ያንጠለጥላል እንጂ አያፈራም። አልሚው ወንዴውን ከሴቴው የሚለየው ሲያብብ ነው፤ እስከዚያ ውሃ ሲያጠጣ ይከርማል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ ተክሎ ኋላ ትርፉን ወንዴ መንቀል የተለመደውም ለዚህ ነው። ይህን ከዛፉ ሥር ቆሞ የሰማ ልጅ አይረሳውም።

እሱ፦ የበሰለው ፓፓያ ቆዳው ስስ ነውና ዳገቱን ሲወጣ ይዳጣል። እዚያው ተቆርጦ ሲበላ ጣዕሙ ሌላ ነው! ልጆቹ ጥቁሩን ዘር በወረቀት ጠቅልለው ይመለሳሉ።

እሷ፦ መሐል ሜዳ ላይ ቢዘሩት ግን ችግኙን ውርጩ ያቃጥለዋል።

እሱ፦ መርሐቤቴ ዘመድ ካላቸው ዘሩን ይላኩለት፤ የጀማ ሸለቆ ቆላ ነው።