ማስታወስ ሲያቅት፣ ኑሮ እንዳይቀር

አቅራቢ 1፦ በአምስተርዳም አቅራቢያ፣ ዌስፕ ውስጥ፣ ከባድ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ሆግቬይክ የሚባል መንደር አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ነው የተከፈተው።

አቅራቢ 2፦ ከሌላው መጦሪያ በምን ይለያል?

አቅራቢ 1፦ በየቤቱ 6 ወይም 7 ሆነው ይኖራሉ፤ ምግቡ እዚያው ይበስላል። ሱፐርማርኬትና ቲያትር አለ። ግቢው ስለሚጠበቅ እንደ ልባቸው ይንሸራሸራሉ። ተንከባካቢዎቹም ነጭ ጋዋን አይለብሱም።

አቅራቢ 2፦ መንደር መገንባት እኮ ሁሉም አይችልም።

አቅራቢ 1፦ ልክ ነሽ። ግን መቼ ልነሳ፣ ምን ልብላ የሚለውን ምርጫ ለባለቤቱ መተው ሕንፃ አይጠይቅም።

አቅራቢ 2፦ ቋንቋም አለ። ሕመሙ ሲጠና ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ መጦሪያ ስትመርጡ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው መኖሩን አደራ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።